አዴ በዳኔ ያበደሩት እንባ

አዴ በዳኔን ባለፈው ሐሙስ ቀበርናቸው። ዕድሜያቸውን በትክክል የሚያውቅ የለም። ልጃቸው ቶላ ዘጠናን አልፈዋል ይላል፤ እሳቸው ደግሞ በሕይወት ሳሉ ሲጠየቁ «ቆቃ ግድብ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበልኩ ነኝ፤ አንተ አስላው» ነበር መልሳቸው። ከመቃብር ወደ ለቅሶው ቤት ስንመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል አለፈ። ሐዲዱን ሣር ውጦታል። ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን አንሥቶ ፊታችን ላይ በተነው። የዚህ ከተማ አቧራ የራሱ ሽታ አለው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮበት አይለምደውም፣ ርቆ ሲሄድ ግን ይናፍቀዋል። በዚያ አቧራ መካከል ባለቤቴ ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ አስር አለቃ ይልማ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወታደር ነበር፤ በኋላም እስከ ጡረታው ድረስ የከተማው ውሃ ሠራተኛ። ሊሞት ሲል አደራ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዴ በዳኔ ሲሞቱ በእሱ ፈንታ እንዳለቅስላቸው። ስለ ቤቱ አልተናገረም፣ ስለ ልጆቹም አልተናገረም። «ልጆቹን እግዚአብሔር ይጠብቃል፤ ይኼን ግን ቃል የገባሁት እኔ ነኝ» አለ። እሺ አልኩት። ሐሙስ ዕለት ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ግን ፈራሁ። እኔ ለራሱ ለይልማ እንኳ ማልቀስ ያቃተኝ ሴት ነኝ።

እኛ ስንጋባ ከተማዋ ናዝሬት ነበር የምትባለው። ዛሬም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። የተከራየናት ቤት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከቦኖው ውሃ ትንሽ ዝቅ ብላ ነበረች፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በወር ስምንት ብር። በአንድ ብር ዘንቢል ሙሉ ብርቱካን ይገዛ ነበር። ፓፓያማ የሚሸጥ ነገር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነበር የሚሰጣጠው። ጋሪ ከጣቢያው እስከ ገበያው ስሙኒ። ባቡሩ ከድሬዳዋ በሚገባበት ቀን መንደሩ በሙሉ ወደ ጣቢያው ይወርዳል፤ ግማሹ ሊሸጥ፣ ግማሹ ሊገዛ፣ ግማሹ ዝም ብሎ ሊያይ። በመስኮቱ ሽፎን፣ ሽርጥ፣ ቴምር፣ የእጅ ባትሪ ይወርዳል፤ ከታች ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ይወጣል። እኛ ሴቶቹ ሻሽ አስረን፣ ኮንጎ ጫማችንን በውሃ አጥበን እንሄድ ነበር። ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ራዲዮኑን ወደ መንገዱ አዙሮ ያስቀምጠዋል። በአኮርዲዮን የሚጀምር አንድ ዘፈን ነበር። ግጥሙን ረስቼዋለሁ። አኮርዲዮኑ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ይልማ የዘመተ ቀን እሱ ነበር የሚሰማው።

ካኪውን ተኩሼ ሰጠሁት። ጫማውን ራሱ ጠረገ፤ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ሰላማዊት፣ የመጀመሪያ ልጃችን፣ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። «ቶሎ እመለሳለሁ» አላለኝም፤ የማያውቀውን ነገር አይናገርም። «ማርያም ታውቃለች» አለኝና ተሳፈረ። ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ምንም።

ከእሱ ጋር የዘመተ አንድ የሰፈራችን ሰው በክራንች ተደግፎ ተመለሰ። ያየውን ለሽማግሌዎች ነገራቸው፤ ይልማ የነበረበት ምሽግ ተደርምሷል፣ ከዚያ የወጣ ሰው አላየሁም አለ። አልዋሸም። ያየው ያን ነበር።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ያን ማለዳ እሳት ላነድ ጭራሮ ስሰብር፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በአጥሩ በኩል ሲገቡ አየሁ። አንዳቸውም «እንደምን አደርሽ» አላሉኝም። ያኔ ገባኝ። ጭራሮው ከእጄ ሲወድቅ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወገቤን ከኋላ ጨምቆ የያዘኝን ክንድ ነው። አዴ በዳኔ ነበሩ። ከቦኖው ማዶ የሚኖሩ፣ በአህያ ውሃ እያመላለሱ ለሻይ ቤቶች የሚሸጡ ጠንካራ ሴት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም፤ «አካም ቡልቴ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ በቃ። ያን ዕለት ግን እንደ እናቴ ያዙኝ።

«ልቀቁኝ» አልኳቸው።

«አልለቅም። አንቺ ብትወድቂ ልጅቷን ማን ያነሣታል?»

ሬሳ አልነበረም። እንደ ልማዳችን ልብሱንና ፎቶግራፉን አልጋ ላይ አድርገው ሦስት ቀን ተለቀሰ። አልቃሿ፣

ባቡሩ ሲጮህ ሮጬ ደጅ ወጣሁ፣
ሌላውን አውርዶ ብቻዬን መጣሁ፣

ብላ ስታወርድ ድንኳኑ ተንጫጫ። አዴ በዳኔ አማርኛው ይግባቸው አይግባቸው እንጃ፣ በኦሮምኛ እየመለሱ ደረታቸውን ሲደቁ ድምፃቸው ጣቢያው ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚያለቅሰውን በሦስት ቀን አለቀስኩ። በአርባው ተዝካሩን አወጣን። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ድሃ በላ። ፎቶግራፉ ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ሰፋሁና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ሰላማዊት አፏን ስትፈታ «አባባ የት ነው?» ስንላት ወደ ግድግዳው መጠቆም ለመደች።

ጥቁር በለበስኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ብርቱካን የሚረክስበት ወቅት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ተራዬ ደርሶ ባልዲዬን ከቦኖው ቧንቧ ሥር አስቀምጫለሁ። ከኋላዬ የሴቶቹ ወሬ ድንገት ቆመ። ዞር ስል አንድ ከሲታ ሰው ቆሟል፤ በረባሶ ጫማ፣ ትከሻው ላይ የሰፋው የሰው ኮት፣ በእጁ የጨርቅ ከረጢት። ዓይኑን አወቅሁት። ከዓይኑ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረውም። አንዷ «በስመ አብ!» ብላ እንስራዋን ጥላ ሮጠች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። እኔ አልሮጥኩም፣ አልጮህኩምም። ባልዲው ሞልቶ ውሃው ይፈሳል። ይልማ አየኝ። ጥቁሩን ልብሴን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ዘጋው።

«ውሃው ይባክናል፣ አስካለ» አለኝ።

ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው።

ሳይሸሹ የቀሩት አዴ በዳኔ ብቻ ነበሩ። አህያቸውን ትተው ቀስ ብለው ቀረቡት፤ ክንዱን ያዙና አጥብቀው ቆነጠጡት።

«ኧረ!» አለ ይልማ።

«ሥጋ አለው! ሰው ነው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ተቆጡ፤ የምራቸውን ተቆጡ። «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ አለቀስኩልህ! አህያዬ ሥራ ፈታች! ደረቴ ቆሰለ! እንባዬን መልስ!»

የሸሹት ሴቶች አጥሩ ሥር ሆነው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ነው የወደቅሁት። ይልማ ግን አልሳቀም።

«እመልሳለሁ፣ አዴ» አላቸው።

በማግስቱ ጧት በረንዳው ላይ አስቀምጦ ጠየቀኝ። «ማን ማን ነው ያለቀሰልኝ?» እኔ የጠበቅሁት ስለ ልጁ፣ ስለ ኑሯችን እንዲጠይቀኝ ነበር። ነገርኩት። ከአልቃሿ ጀመርኩ፤ ፀጉር አስተካካዩን፣ የባለ ጋሪውን ሚስት፣ የመርዶ ነጋሪዎቹን ሽማግሌዎች፣ ድንኳን የተከሉትን፣ ወጥ የሠሩትን። አንድ በአንድ ይደግማቸው ነበር፤ እንደ ዳዊት በቃሉ ያዛቸው። ተማርኮ እንደነበር፣ በታሰረበት ቦታ ሲመሽ «አሁን እኔን የሚያስበኝ ሰው ይኖር ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠይቅ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። ስለ ጦርነቱ ከአፉ የሰማሁት ይኼ ብቻ ነው። «ለካስ ያኔ ይለቀስልኝ ነበር» አለ። ከዚያ ተነሥቶ በክራንች የተመለሰው ሰው ቤት ሄደ። ሰውየው አፍሮ ከቤት መውጣት ትቶ ነበርና፣ እጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አብረው ሄዱ።

ሰላማዊት ግን አልተቀበለችውም። «አባባ እዚያ ነው» ትላለች፤ ግድግዳውን እየጠቆመች። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ጉንጩ የሞላ፣ ኮፍያው የተስተካከለ፣ የሚያምር ሰው ነበር፤ ይኼኛው አጥንት ነው። ላወርደው ስል ይልማ ከለከለኝ። «ተይው። እሷ ትፍረድ።» በየቀኑ ከሥራ ፍለጋ ሲመለስ ከፎቶው ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አይጠራትም፣ ከረሜላም አያሳያትም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጅቷ አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል ታያለች። ስንት ሳምንት እንደፈጀ አላውቅም። አንድ ቀን መጥታ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ነካች፤ ፎቶውን አየች፤ እዚያም ጠባሳዋ አለች። ጉልበቱ ላይ ወጣች። ጥቁሩን ሪባን በጥርሴ በጥሼ ያነሣሁት ያኔ ነው። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደልን። ተገኝ አልነው። ዛሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሠራል፤ የልጆች አባት ነው። ተመስገን።

ይልማ ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው በየመንገዱ ጉድጓድ ውስጥ ያሉትን የቧንቧ መክፈቻዎች እየዞረ መክፈትና መዝጋት ነበር። ውሃው ለከተማው አይበቃም፤ ለየሰፈሩ በተራ ነበር የሚለቀቀው። ቁመቱን የሚያህል የብረት ቁልፍ እንደ ጠመንጃ በትከሻው ተሸክሞ፣ በካኪ ቱታ፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ሰው ሁሉ ተራ ያስለውጥ ነበር። አንዱ ለክርስትና፣ አንዱ ለቤት ሥራ፣ አንዱ በባለሥልጣን ስም። ይልማ ሁሉንም በአንድ ቃል ይመልሳል፤ «ተራዎት ሲደርስ።» አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ተራ ያፈርሳል። ሰው የሞተበት ሰፈር ከሆነ፣ ድንኳኑ ሳይቆም ውሃው ይደርሳል። ለቅሶ ቤት ወጥ ይሠራል፣ ሰው ይታጠባል፣ ዕቃ ይታጠባል፤ ሴቶች በሐዘን ላይ ባልዲ ተሸክመው እንዲዞሩ አይፈልግም። ከዚያ ቁልፉን ግንብ አስደግፎ ይገባና፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ድምፅ አያወጣም። እንባው ግን ይወርዳል። በመጨረሻም አካፋ ያነሣል።

በዚህ ነገር ሦስት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። አንደኛውን ቀን እኔ ምሳ ይዤለት ቢሮው በር ላይ ነበርኩ።

«በማን ፈቃድ ነው የከፈትከው?» ይላል ኃላፊው።

«ሰው ሞቶ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሰው በየቀኑ ይሞታል!»

«አዎ። ሬሳ ግን ተራ አይጠብቅም።»

«ደመወዝህን ብቀጣህስ?»

«ይቅጡኝ። ዝጋ ካሉኝ ግን ሰዎቹ ቀብረው ሲመለሱ ነው የምዘጋው።»

ቤት ስንሄድ ፈርቼ ነበር። ሁለት ልጆች አሉን፤ ቆጣቢ ብሆንም በአንድ ደመወዝ ነው የምንኖረው። ልለምነው አስቤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ወሩን ሙሉ ሽሮ በላን። የኃላፊው እናት በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ። ውሃው ከድንኳኑ ቀድሞ ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

ለራሱ ቤት ግን አንድ ቀን ከፍቶ አያውቅም። ሰላማዊትን የዳርን ጊዜ ተራችን ማክሰኞ፣ ሠርጉ እሑድ ነበር። ጠላ ልጠምቅ ነው፣ ዶሮ ላጥብ ነው፣ ጠብታ ውሃ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉ ቃል ተናገርኩት። «ለሞተ ትከፍታለህ፤ ለልጅህ አትከፍትም?» አልኩ። በርሜል ይዞ ወጣ። ሰማሁ ብለው አዴ በዳኔ አህያቸውን ነድተው፣ ጀሪካን ጭነው ደረሱ። ከደጅ ነው የጀመሩት።

«የውሃው ጌታ ውሃ አጣ! ኑ ተመልከቱ!»

«ተራችን ማክሰኞ ነው፣ አዴ።»

«ሠርጉ እሑድ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብሞት ትከፍታለህ?»

«ለእርስዎማ ዋናውን ነው የምከፍተው።»

«እንግዲያ ሠርጉ እስኪያልፍ አልሞትም፤ ብሞት ወጥሽን አበላሽብሻለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ከዚያ ወደ እሱ። «አንተ ሰው፣ እንባዬን አልረሳሁም እሺ? እየጠበቅኩህ ነው።»

«እኔም እየጠበቅኩ ነው፣ አዴ። አይቸኩሉ።»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ሄዱ። ያለቀሱለት ሰዎች አንድ በአንድ አለፉ። አልቃሿ ስታርፍ ይልማ ሁለት ቀን ድንኳኑ ውስጥ አደረ። ፀጉር አስተካካዩ፣ የባለ ጋሪው ሚስት፣ በክራንች የተመለሰው ሰው፣ ሽማግሌዎቹ። ተገኝ አባቱ ጥቁር ኮቱን ሲያነሣ ባየ ቁጥር «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ይለው ነበር። ይልማ ይስቃል፤ ኮቱን ይለብሳል፤ ይሄዳል። ቢሾፍቱ ልጁ ጋ ሄዶ የሞተ ሰው እንኳ ቢሆን አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። ጡረታ ከወጣ በኋላም፣ ቁልፉን ለሌላ ካስረከበ በኋላም አልቀረም።

ከተማዋ ተለወጠች። ባቡሩ ቆመ፤ አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ ያልፋል፤ ፉጨቱ አይሰማም። በኮረብታው ላይ ነፋስ የሚያዞራቸው ነጫጭ ምሰሶዎች ቆሙ። ይልማ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እነሱን ማየት ይወድ ነበር፤ «ይኼ ነፋስ አቧራ ብቻ ነበር የሚያመጣልን፤ አሁን መብራት አመጣ» ይላል። ቦኖው ፈርሶ በቦታው የሞባይል ሱቅ ተከፈተ። አዴ በዳኔ አህያቸው ሞተች፤ ዓይናቸው ደከመ፤ ቶላ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው፤ በስተርጅና ከልጆቻቸው ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ጀመሩ። እኛ ቤት ሲመጡ ግን ለማርያም ዝክር የጋገርኩትን ዳቦ እምቢ ብለው አያውቁም።

ይልማ ሲታመም ክረምቱ ገብቶ ነበር። ያን የብረት ቁልፍ በትከሻው ይሸከም የነበረ ሰው እንደ ሕፃን ቀልሎኝ አቅፌ አገላብጠው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ።

«አስካለ፣ ማን ቀረኝ?»

ምን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። «አዴ በዳኔ ብቻ» አልኩት።

«ቀደምኳቸው ማለት ነው» አለ። «መጀመሪያ እንባዬን መልስ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ሳይመለስ ቀረ።» ከዚያ ነው አደራውን የሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን፣ የነፍስ አባታችን ባሉበት፣ ቆርቦ አረፈ። እንዲህ ያለ ሞት ስለሰጠው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ማልቀስ አልቻልኩም። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሰው ከቆቃ ከመልካሳ መጥቶ፣ ልጆቼ እየጮኹ፣ እኔ እንደ ድንጋይ ተቀምጫለሁ። ሴቶቹ በጎን ይተያያሉ። ሐዘን አጥቼ አልነበረም። ለእሱ ያለኝን እንባ ሁሉ ያኔ፣ በሕይወት ሳለ፣ በልብሱና በፎቶግራፉ ላይ ያፈሰስኩት ይመስለኛል። አዴ በዳኔን ቶላ በባጃጅ አመጣቸው፣ ደግፎ አስገባቸው። ገና ከበሩ ጮኹ። «ይኼ ሰውዬ ሁለት ጊዜ አስለቀሰኝ! ሁለት ጊዜ! የመጀመሪያውንም አልመለሰ!» ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ወደ እኔ አስጠጓቸው። ዓይናቸው ስለማያይ ፊቴን በእጃቸው ፈለጉ፤ ጉንጬን አገኙ፤ ዳሰሱት።

«ደርቀሻል፣ ልጄ» አሉኝ በቀስታ። ወገቤን እንደ ድሮው ጨምቀው ያዙኝ።

ሐሙስ ዕለት እንግዲህ ይኼን ሁሉ ይዤ ነው የለቅሶው ቤት የገባሁት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶው እንደ እኛው አልነበረም። ወጣቶች በኪቦርድ ይዘምራሉ፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። ያምራል። አንድ አገልጋይ ተነሥቶ «እናታችን ወደ ጌታቸው ሄደዋል፤ ተስፋ እንደሌለው ሰው አናለቅስም» አለ። የሰውን ጸሎት መመዘን የእኔ ሥራ አይደለም። ግን እንባ እንኳ ቢመጣልኝ እዚህ የት አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ይልማን በልቤ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ቶላ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ምንም ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«እናቴ ስለ እርስዎ የተናገረችው ነገር ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹የይልማ ሚስት ስትመጣ አትከልክሏት› አለችን። ከምኑ ነው የማንከለክላት ብንላት፣ ‹እሷ ታውቃለች› አለች።»

ራሴን ነቀነቅሁለት። ፈቃዱን ትተውልኝ ሄደዋል። እንባው ግን የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አህያቸውን አሰብኩ፣ ክንዳቸውን አሰብኩ። ዓይኔ ደረቅ ነው። ተነሥቼ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ጓሮው ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን ዕቃ ያጥባሉ። አጠገባቸው በርሜል አለ፤ ከቧንቧው የተዘረጋ ጎማ ውስጡ ገብቷል።

«ዛሬ የዚህ ሰፈር ተራ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ውሃ ዛሬም በተራ ነው።

«አይደለም፣ እማማ፤ ተራችን ቅዳሜ ነው» አለች አንዷ። «ለለቅሶ ቤት ግን ይለቀቃል። ቶላ ለመደወል ስልኩን ሲያነሣ ነው የመጣው።»

«ማን ለቀቀው?»

«የውሃ ሠራተኞቹ ናቸዋ። ለለቅሶ ቤት እንደዚያ ነው ሥርዓቱ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሳህኑን ይዛ ትንሽ አሰበች። «እኔ እንጃ። ድሮም እንደዚህ ነው» አለችኝ።

በርሜሉ ሞልቶ ነበር። ውሃው በአፉ ላይ አልፎ፣ አቧራውን አርሶ፣ ወደ እግሬ መጣ። ልጆቹ ወሬ ይዘው አላዩትም። ጉልበቴ እየተንቋቋ ጎንበስ አልኩና ቧንቧውን ዘጋሁት። እጄን ከብረቱ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። በድንኳኑ ውስጥ መዝሙሩ ቀጥሏል። ድምፅ አላወጣሁም፤ የማንንም ቤት ሥርዓት አላፈረስኩም።

የመጀመሪያው እንባ የአዴ በዳኔ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው የማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።